ቦቲ ያደረገ ደንበኛ ሲገባ

ተክለሃይማኖት አካባቢ የውሃ ፓምፕ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ያበላሸሁት ሽያጭ ተቆጥሮ አያልቅም። አንዱን ግን ልንገራችሁ፣ ለእናንተ ለሱቅ ሻጮች ያለኝ ምክርም ከሱ ነው የሚጀምረው።

ጠዋት ነው፣ ወለል አጥቤ መጨረሴ ነው። አንድ አዛውንት ገቡ። ቦቲ አድርገዋል፣ ሱሪያቸው ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ደርቆበታል፣ በእጃቸው ጥቁር ፌስታል ይዘዋል። ያጠብኩትን ወለል እየረገጡ ቀጥ ብለው ወደ ፓምፖቹ ሄዱ። እኔ ደህና አደሩ እንኳ ሳልል "አባባ፣ እዚያ አይንኩ!" እሳቸው እንዳልሰማ ሆነው ባለ 3 ኢንቹ ላይ ጎንበስ አሉ፣ ጣታቸውን አፉ ውስጥ ከተው ፈተሹ፣ ከዚያ "ይሄ ስንት ሜትር ይስባል?" አሉኝ። ካርቶኑን አየት አድርጌ "30" አልኩ። ፈገግ አሉ። "30ው የሚገፋው ነው ልጄ።"

ልክ ናቸው። መሬት ላይ የሚቀመጥ ፓምፕ ውሃ የሚስበው ቢበዛ ከ7 እስከ 8 ሜትር ጥልቀት ነው፣ 30 ሜትር የሚባለው ወደ ላይ የሚገፋበት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሊገዛ የመጣ ሰው ነው። እኔ ግን በዚያው ሰዓት ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ሲገባ አዛውንቱን ጥዬ ወደሱ ሮጥኩ፣ ወንበር አወጣሁ፣ ሃይላንድ ከፈትኩ። ዋጋ ጠየቀኝ፣ ፎቶ አነሳ፣ "እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ። ይኸው እስካሁን። ዞር ስል አዛውንቱ የሉም። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሱቅ በር ላይ አይሱዙ ቆሞ 4 ፓምፕ ይጫናል፣ ባለ ፌስታሉ ሰውዬ ቆመው ያስጭናሉ። የመቂ ሽንኩርት አምራች ናቸው አሉ። አለቃዬ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

እንግዲህ ልብስ የሚነግራችሁ ሰውየው ጠዋት የት እንደዋለ ነው። ከማሳ የመጣ ጭቃ አለበት፣ ከሳይት የመጣ ፎርማን ሲሚንቶ አለበት፣ ፎርማኑ ደግሞ ኪሱ ውስጥ የድርጅቱን ሲፒኦ (የባንክ ክፍያ ማዘዣ) ይዞ ሊሆን ይችላል። ድሮ ቢያንስ ኪስ ሲያብጥ ይታይ ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ከመጣ ወዲህ ግን በላስቲክ የታሰረች ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ *127# ተደውሎ ቀብድ ሲከፈል አይቻለሁ።

ስለዚህ ዓይናችሁን ከጫማው አንሱና ጆሮ ስጡ። መለዋወጫ ይገኛል ወይ፣ በሰዓት ስንት ሊትር ይበላል፣ ዋስትናው ስንት ወር ነው ያለ ሰው በልቡ እቃውን ጭኖ ሄዷል። እናንተም መጀመሪያ "ለምን ሥራ ፈለጉት? ውሃው ከጉድጓድ ነው ከወንዝ?" በሉ። "ይሄ እኮ ውድ ነው" የምትባለዋን ነገር ከአፋችሁ አታውጡ፤ ሰውየውን አትችልም ማለት ነው፣ እሱም በደንብ ይገባዋል። ማስነካትም አትፍሩ። ብረት ነው፣ አይሰበርም።

ባልና ሚስት አብረው ሲገቡ ለባልየው ብቻ የምታስረዱም አላችሁ። ስንት ጊዜ ብሩን የያዘችውም የምትወስነውም እሷ ሆና አፍሬያለሁ።

የተገላቢጦሹም አለ። ሽቶ የሸተተውን፣ አማርኛው ትንሽ የተሰበረውን ሁሉ ዲያስፖራ ነው ብሎ ዋጋ መቆለል። ሰውየው በር ላይ ቆሞ ለአጎቱ ልጅ ይደውላል፣ ትክክለኛውን ዋጋ በ2 ደቂቃ ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ በቅናሽ ብትለምኑትም አይገባም።

የሱቅ ባለቤት ከሆናችሁ ደግሞ ሻጮቻችሁን በተራ አድርጓቸው። ተራው የደረሰው ሻጭ የገባውን ሰው ይቀበላል፣ ቦቲም ይሁን ሱፍ። ኮሚሽን ያለበት ቤት ውስጥ ተራ ከሌለ ሁሉም ያማረውን መርጦ ይሮጣል፣ ሌላው ሰው ግድግዳ እያየ ይወጣል። ወቅቱንም እወቁ፤ ከኅዳር እስከ ጥር እህል የሚገባበት፣ መስኖ የሚጀመርበት ጊዜ ስለሆነ ጭቃ ያለበት ጫማ ደስ ሊላችሁ ይገባል።

ተሳስታችሁ ከሆነና ሰውየው ገና ካልወጣ አታስተባብሉ። "ይቅርታ አባት፣ ከመጀመሪያው እንጀምር" ብላችሁ ወንበር አቅርቡ፣ ሞተሩንም አስነሱላቸው።

የመቂው አዛውንት በዓመቱ ጎረቤት ያጣውን ቫልቭ ፍለጋ መጡ። ወንበር ይዤ ስሮጥ ወለሉን አዩና "ዛሬ አላጠብክም እንዴ?" አሉኝ።