ነርሲንግ ሆም ያሉ እናትዎን ያለ ከልካይ ለማግኘት

አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬርና ሜዲኬድ ከተባሉት የመንግሥት የጤና መድን ፕሮግራሞች ከአንዱ ክፍያ የሚቀበል ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መንከባከቢያ ቤት) ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውን የፌዴራል ሕግ የመከተል ግዴታ አለበት። ሕጉ ነዋሪዎች ከቤተሰባቸው ጋር የመገናኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

መጀመሪያ እናትዎን ራሳቸውን ይጠይቁ። ማን እንዲመጣ ይፈልጋሉ? ማንን ማየት አይሹም? መብቱ የእሳቸው ነው፤ የድርጅቱም የልጆችም አይደለም። እሳቸው እስከፈቀዱ ድረስ የቅርብ ቤተሰብ በማንኛውም ሰዓት መግባት ይችላል። ማታ በሩ ሊቆለፍ ስለሚችል የሚከፍተው ማን እንደሆነ ቀድመው ይወቁ። ደብዳቤ ሳይከፈት ሊደርሳቸው ይገባል።

አስቸጋሪው ስልኩ ነው። ሌላ ሰው በማይሰማበት ቦታ ስልክ የማውራት መብት አላቸው። ግን እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ፣ ጆሯቸው ለደከመ፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ እናት ማን ደውሎ ይሰጣቸዋል? እኛ በደወልን ቁጥር «ተኝተዋል» እንባል ነበር። ሠራተኛው በየፈረቃው ይቀያየራል፤ ለአንዱ የነገርነውን ሌላው አያውቀውም። ነገሩ መስመር የያዘው ኬር ፕላን በሚሉት የእንክብካቤ ዕቅድ ላይ ሲጻፍ ብቻ ነው።

ዕቅዱ ቢያንስ በየ3 ወሩ ይከለሳል። የክለሳው ስብሰባ መቼ እንደሆነ የቤቱን ሶሻል ዎርከር (የነዋሪዎችን ጉዳይ የሚከታተለውን ማኅበራዊ ሠራተኛ) ይጠይቁ። ሩቅ ከሆኑ በስልክ ይግቡ፤ አስተርጓሚም ይጠይቁ፣ እናትዎ የሚባለውን በሚገባቸው ቋንቋ መስማት አለባቸውና። «ከቤተሰብ ጋር እንዲነጋገሩ ይረዱ» የሚል ጽሑፍ እንዳይቀበሉ፤ ማንም አይሠራበትም። ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ። ስልኩን ማን እንደሚያመጣ፣ ለመስማት የሚረዳቸው የጆሮ መሣሪያ መደረጉን ማን እንደሚያይ፣ በሩን ማን እንደሚዘጋ ይጻፍ። ታብሌት ግዙ የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ለሚንቀጠቀጥ እጅ ትልልቅ ቁልፍ ያለው ስልክ ይሻላል እላለሁ።

ነርሲንግ ሆሙ እንቢ ካለ አቤቱታዎን በጽሑፍ ያስገቡና መልሱንም በጽሑፍ ይጠይቁ። ያም ካልሠራ ለኦምቡድስማን፣ ማለትም የነዋሪዎችን አቤቱታ ተቀብሎ ለመብታቸው ለሚቆመው ሰው፣ ይደውሉ። በየስቴቱ አለ፣ ክፍያ የለውም፣ ስልክ ቁጥሩም እዚያው ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ መለጠፍ አለበት። ኦምቡድስማኑ ጉዳዩን ከመያዙ በፊት የእናትዎን ፈቃድ ይጠይቃል። ብዙ እናቶቻችን እዚህ ላይ «ተዉ፣ ይቀየሙኛል» ብለው ያፈገፍጋሉ። ስለዚህ ከመደወልዎ በፊት አጠገባቸው ቁጭ ብለው ያስረዷቸው፦ አቤት ያለን ነዋሪ መበቀል በሕግ ክልክል ነው፤ ያለ ፈቃዳቸውም ስማቸው አይነሳም።