አንድ ኮሎኒ ለቅሞ መሄድ አይበቃም

የልጆችን መካከለኛ ጆሮ በብዛት የሚያመረቅዙት ሦስት ባክቴሪያዎች ናቸው፦ ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒዬ፣ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ እና ሞራክሴላ ካታራሊስ። እኔ ብዙ የምሠራው ካፕሱል (የውጭ ሽፋን) በሌለው ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ ላይ ነው፤ እዚህም ስትሬይኖቹን፣ ማለትም በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉ የተለያዩ ዘሮችን፣ ከልጅ ናሙና እንዴት እንደምትለዩ ልንገራችሁ። በዘረመል ደረጃ እንደሱ የሚዘበራረቅ አላየሁም፤ ከአካባቢው የሌላውን ዲኤንኤ እየሳበ የራሱ ያደርጋል።

ናሙናው የጆሮ ፈሳሽ ቢሆን ይመረጣል። ከአፍንጫ ጀርባ በስዋብ (በጥጥ ዘንግ) የተወሰደው ልጁ የተሸከመውን ያሳያል እንጂ ያሳመመው እሱ ለመሆኑ ዋስትና የለም። ቸኮሌት አጋር ላይ፣ ማለትም የሞቀ ደም በተቀላቀለበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን ላይ፣ ዝሩት። የደም ሴሎቹ በሙቀት ስለፈነዱ ባክቴሪያው ለማደግ የሚያስፈልጉትን ሄሚንና ኤንኤዲ እንደልብ ያገኛል። ከ35 እስከ 37 ዲግሪ፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ይደር።

በማግስቱ ግራጫማ፣ ለስላሳ ኮሎኒዎች (በሳህኑ ላይ በዓይን የሚታዩ የባክቴሪያ ክምሮች) ታያላችሁ። (በጠረኑ የሚያውቁት አሉ፤ ሳህን ማሽተት ግን ይቅርባችሁ።) ችኩል ሰው ትልቁንና ያማረውን ለቅሞ ይነሳል። አንድ ልጅ ግን በአንድ ጊዜ ሁለትና ከዚያ በላይ ስትሬይን ሊሸከም ይችላል፤ በዓይን ደግሞ አይለዩም። ስለዚህ ቢያንስ አስር ልቀሙ፦ ትንሹንም ትልቁንም፣ ከመሃልም ከዳርም። እያንዳንዱን በየራሱ ሳህን ላይ እንደገና ዘርታችሁ አጥሩት። በመጀመሪያው ሳህን ላይ የቀረውን ጠርጋችሁ በግሊሰሮል ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ አስቀምጡ፤ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ቀጥሎ ማንነቱን አረጋግጡ። ሄሞፊለስ ሄሞሊቲከስ የሚባለው ዘመዱ ቁርጥ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜን ይመስላል፤ ደም የማያሟሟው ዓይነት ደግሞ ብዙ ሰው አታሏል። ኤችፒዲ የሚባለውን ጂን በፒሲአር (ዲኤንኤን በማባዛት) መፈለግ ጥርጣሬውን በእጅጉ ያቀለዋል።

ስትሬይኑን ለመለየት ሰባት ጂኖች ይነበባሉ፦ ኤዲኬ፣ ኤቲፒጂ፣ ኤፍአርዲቢ፣ ኤፍዩሲኬ፣ ኤምዲኤች፣ ፒጂአይ እና ሬክኤ። ለእያንዳንዱ ጂን ልዩ ልዩ ዓይነት የየራሱ ቁጥር ይሰጣል፤ ሰባቱ ቁጥሮች ተደምረው ሳይሆን ተሰልፈው የስትሬይኑ መለያ ይሆናሉ። ኤፍዩሲኬ እምቢ ካለ ፒሲአሩን ብቻ አትውቀሱ፤ ጂኑ ጭራሽ የሌላቸው ስትሬይኖች አሉ። አቅሙ ካለ ሙሉ ጂኖሙን (ዲኤንኤውን በሙሉ) ማንበብ ይሻላል። የዚህ ባክቴሪያ ጂኖም በ1995 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ተነቧል፤ የተነበበው ግን አርዲ የተባለ አንድ የላቦራቶሪ ስትሬይን ነው፣ የጆሮውን ሁሉ አይወክልም።

የሰባቱን ጂኖች ውጤት ስታዩ የንባቡን ግራፍ፣ እያንዳንዱ የዲኤንኤ ፊደል በየራሱ ቀለም ጫፍ ሆኖ የሚታይበትን፣ በዓይናችሁ ተመልከቱ። በአንድ ቦታ ላይ ለምሳሌ አረንጓዴና ቀይ ጫፍ ከተደራረቡ ኮሎኒው አልጠራም ማለት ነው፤ ቁጥር ሳትሰጡ ወደ ሳህኑ ተመለሱ።