ከበረዶው ማግስት እስከ ውርጩ ሌሊት፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ የአንድ ሳምንት ሥራ

በመስከረም ማብቂያ በረዶ ከጣለ በኋላ ሰማዩ ጥርት ካለ ደስ አይበላችሁ። ደመና የሌለበት ሌሊት ምድር ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት አውጥታ የምትጨርስበት ነው፤ በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በመንዝና በአንኮበር አፋፍ በረዶና ውርጭ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚከታተሉትም ለዚህ ነው። ውሃና በግ ላይ ፍጠኑ፣ ማሳ ላይ አትቸኩሉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ የተጨፈጨፈውን ገብስ በማግስቱ ያጭዳል፣ ፈሰሱን፣ ማለትም የማሳውን ውሃ መውረጃ ቦይ፣ ደግሞ ለሰንበት ማግስት ያቆየዋል።

ዝናቡ እንዳባራ መጀመሪያ የሚታየው አሸንዳው ነው። በረዶ ተከምሮበት ከቀረ ቀጥሎ የሚመጣው ዝናብ መውረጃ ያጣና በቆርቆሮው ሥር ወደ ግድግዳው ይገባል፤ ምርጊቱም ከላይ ጀምሮ ይለቃል። መሬት ላይ ቆማችሁ በረጅም እንጨት ግፉት እንጂ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አትውጡ። ጎሚኒው የተሰነጠቀ ሚስማር ካለ በመዶሻ ደጋግሞ መምታት ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ነቅላችሁ ረዘም ባለ ሚስማርና በአዲስ ጎሚኒ ተኩት።

ከዚያ ወደ ማሳ፣ ግን ለፈሰሱ ብቻ። በመረሬ፣ ውሃ በሚያቁር ጥቁር አፈር፣ ላይ የተኛ ውሃ የሥሩን አየር ይዘጋል፤ ባቄላና ምስር ሁለት ቀን እንዲህ ካደሩ ቢጫ መሆን ይጀምራሉ። በደለልና በበረዶ የተደፈነውን ፈሰስ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ክፈቱ። ከላይ ከተጀመረ የሚለቀቀው ውሃ ደለሉን ይዞ ይወርድና ታች ላይ መልሶ ይደፍነዋል። መጨረሻው ሣር ያለበት ቦይ ይሁን፤ ጎረቤት ማሳ ላይ የተለቀቀ ውሃ ቦረቦር ያወጣል፣ ጠብም ያመጣል።

በጎቹ ውስጥ ቀድማችሁ የምታዩት ግልገሎችን ነው። ጣታችሁን አፉ ውስጥ አስገቡ፤ አፉ ከቀዘቀዘ ግልገሉ በአደጋ ላይ ነው። ገና የተወለደ ከሆነ በደረቅ ጆንያ አሹት፣ ለብ ያለ ውሃ የያዘ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጎኑ አድርጉለት። ጭንቅላቱን ቀና ማድረግ እስኪችል ምንም አታጠጡት፤ መዋጥ ያልቻለ ግልገል ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባበታል። ቀና ሲል እንገር ስጡት፤ መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 2 ኪሎ ለሚሆን የመንዝ ግልገል 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ አንድ ሲኒ ተኩል ገደማ። ለትልልቆቹ ማታ ገለባ ጨምሩ። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለሰው ነው፤ ለበግ ሌሊቱን ሆዱ ውስጥ የሚብላላው ገለባ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሰውም ቢሆን ዝተት ደርቦ ይደር እንጂ ከሰል ያለበትን ማንደጃ በተዘጋ ቤት ውስጥ አስቀምጦ አይተኛ። ጋዙ ሽታ የለውም፣ አያስነሳም።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሰማይ ማየት ነው። ከሰዓት በኋላ ሲነፍስ የዋለው ነፋስ ፀሐይ ስትጠልቅ ጸጥ ካለ፣ አየሩ ደረቅ ከሆነ፣ ከዋክብቱም ከደመቁ ውርጭ ጠብቁ። የስልካችሁ ትንበያ 3 ወይም 4 ዲግሪ ቢል አትተማመኑ። ያ ከመሬት 2 ሜትር ገደማ ከፍ ያለው አየር ሙቀት ነው፤ ቅጠሉ ያለበት ቦታ በዚያው ሰዓት ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ረባዳው ነጭ ሆኖ ሲያድር ተዳፋቱ የሚተርፈው ለዚህ ነው።

ሙሉ የገብስ ማሳን ከውርጭ መከላከል አይቻልም። የጓሮ ጎመንን፣ ድንችንና የመስኖ ሽንኩርትን ግን ይቻላል። አፈሩ ከደረቀ እኩለ ቀን ላይ አጠጡ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ከደረቅ አፈር የበለጠ ይዞ ያድራል። 11 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሳያመልጥ፣ በገለባ ወይም በጆንያ ሸፍኑ፤ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል አንሡ። ላስቲክ ከሆነ በእንጨት ከፍ አድርጉት፤ የነካው ቅጠል ይቃጠላል። ጭስ ማጨስን በተመለከተ ብዙም አንመክርም፦ ጭሱ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት እምብዛም አያግድም፣ ደግሞም የሌሊቱ ክፉ ሰዓት ጎህ ሲቀድ ነው፤ እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ የተለኮሰ ኩበት እዚያ አይደርስም።

ማሳው የሚፈረድበት በሰባተኛው ቀን ገደማ ነው። ከአምስት ቦታ የገብስ ዛላ ቁረጡና ፍሬውን በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ነጭ ፈሳሽ ከፈነጠቀ ወተት ላይ ነው፤ አገዳው ጎብጦ ካልተሰበረ ይሞላል፣ ተዉት። ከተሰበረ ግን ፍሬ አይጠበቅም፤ ሳይበሰብስ ለከብት እጨዱት። ጥፍር እንደ ሰም ምልክት ካስቀረበት ዛላው ሳይረግፍ ለማጨድ ተዘጋጁ። ባቄላ የቆሰለው ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ነጠብጣቦቹ እየሰፉ ከተያያዙ በሽታው እየሄደ ነውና፣ ማንኮዜብ የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት የምትረጩ ከሆነ ቅጠሉ ሲደርቅ፣ ገና ላልተያዘው መከላከያ እንዲሆን ርጩ። መጠኑን ከማሸጊያው አንብቡ።

መልሶ መዝራት በከፍተኛው ደጋ በዚህ ጊዜ አያዋጣም፣ ውርጩ ይደርስበታል። በሞረትና ጅሩ ወይም በሚንጃር ሸንኮራ መረሬ ላይ ግን ምስር፣ ጓያ ወይም ሽምብራ በቀረው እርጥበት ሊሞከር ይችላል።

ከተመታው ማሳ ዘር ለመያዝ ያሰበ ከተወቃ ከአንድ ወር በኋላ 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልል፤ ጨርቁ ሳይደርቅ ሰባት ቀን ይቆይ። የበቀለው ከ85 ካነሰ ለዘር አይሆንም። ለብቅልም እንዲሁ፤ ለቆሎና ለበሶ ይዋል።