ለማይግሬን ፕሮፕራኖሎል የታዘዘላችሁ

ማርቆስም ሁኑ ቡሬ፣ ይህችን ልብ በሉ። ፕሮፕራኖሎል ራስን ሲፈልጥ የሚዋጥ ማስታገሻ አይደለም። ቢያምም ባያምም በየቀኑ ይወሰዳል። ለውጡ ሳምንታት ይፈጃል፤ አንዳንዴ እስከ 3 ወር። በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ መተው ታዲያ ለመድኃኒቱ ዕድል መንፈግ ነው።

አስም ካለባችሁ ገና ሲታዘዝ ተናገሩ፣ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው፤ በተለይ ለልብ ሕመምተኛ። ለሠርግ ወይም ለተዝካር ገጠር ስትወርዱ ኪኒኑን ከነማሸጊያው ያዙ። ወረዳው መድኃኒት ቤት ላይኖር ይችላላ!

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ደግሞ፣ ረሃብ ራሱ ማይግሬን ይቀሰቅሳል። የመዋጫ ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ፓራሲታሞልንም እንደ ቆሎ አትቃሙ፤ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከተወሰደ እሱም ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል።