አሮጌ መኪናን ቤት ውስጥ ሲጠግኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሮጌ መኪና ለጠጋኙ ይመቻል። ኮፈኑ ሲከፈት ሁሉም ነገር ይታያል፣ እጅ ይገባል፣ አብዛኛው ሥራ በጥቂት ቁልፎች ያልቃል። ሲያስቸግር ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የእርጅናው አይደለም። ሳይለኩ ዕቃ መቀየር፣ በግምት ማጥበቅና አንዱን ችግር በሌላ መሸፈን ከዕድሜው በላይ ይጎዱታል። ነፍስ ከሚያጠፋው እንጀምር።

በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት

ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመደገፍ አልተሠራም። የሃይድሮሊክ ክሪክ ሙሉ ክብደቱን የሚይዘው ዘይቱን በዘጋች ትንሽ ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ነው፤ እሷ ካፈሰሰች መኪናው ይወርዳል። ብሎኬትም መደገፊያ አይሆንም፣ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ከሻንሲው ጠንካራ ቦታ ሥር የብረት መደገፊያ አስገብተው፣ መኪናውን በእጅ ገፋ ገፋ አድርገው አለመንቀሳቀሱን ካዩ በኋላ ብቻ ይግቡ። የእጅ ፍሬን በአብዛኛው መኪና የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ፣ ኋላው ሲነሳ መኪናውን የሚይዘው ነገር አይኖርም። የፊት ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል በታኮ ያስይዙ። የጎማ ዳዶ ደግሞ የሚላላው መኪናው መሬት ላይ እያለ ነው።

ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል

ይህ ምክር ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ብዙ ሞተር አበላሽቷል። ቴርሞስታት በሙቀት የሚከፈት የውሃ መንገድ ቫልቭ ሲሆን፣ ሥራው ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅና በአንድ ሙቀት ላይ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ሲወጣ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ቀዝቅዞ ይሠራል። ቤንዚኑ በደንብ ስለማይተን በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል፣ የነዳጅ ፍጆታው ይጨምራል፣ ዘይቱም ዝቃጭ ይይዛል። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ታችኛው ሳህኑ አጭሩን የውሃ መተላለፊያ ይዘጋል። እሱ ከሌለ ውሃው ራዲያተሩን ትቶ በአጭሩ መንገድ ይዞራል፣ ሞተሩም ከበፊቱ የባሰ ይሞቃል።

ከመጣሉ በፊት ይፈትሹት። ብዙውን ጊዜ 82 ወይም 88 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፤ መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ቀጭን ክር በቫልቩ ከንፈር መሃል አስገብተው ቫልቩ ክሩን ነክሶ እንዲይዝ ያድርጉ። ከዚያ የድስቱን ታች ሳይነካ ውሃ ውስጥ አንጠልጥለው፣ ቴርሞሜትር አስገብተው ቀስ እያሉ ያሙቁ። ቴርሞስታቱ ከክሩ ተላቆ የወደቀበት ሙቀት መከፈት የጀመረበት ነው። ሙሉ በሙሉ ለመከፈት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ተጨማሪ ይፈልጋል። ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ 88ቱ ድስት ውስጥ ሙሉ ላይከፈት ይችላል፤ ይህ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም።

ቴርሞስታቱ ደህና ከሆነ የላላ ቺንጋ (የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ)፣ የተደፈነ ራዲያተር፣ ውሃው ውስጥ የቀረ አየርና የራዲያተር ክዳን ይታዩ። ክዳኑ ቀላል ይመስላል እንጂ ሥራው ትልቅ ነው፦ 1 ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን የውሃውን መፍያ ወደ 120 ዲግሪ ያደርሰዋል። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ትኩስ ራዲያተር መክፈት የሚያቃጥለውም በዚሁ ግፊት ምክንያት ነው፤ ክዳኑ ሲላላ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ደግሞ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን የላይኛ ክዳን) ሊሰነጥቅ ይችላል።

የፍሬን አየር ሲያስወጡ ፔዳሉን እስከ ወለሉ መርገጥ

በዕለት ተዕለት መንዳት ፔዳሉ የሚሄደው የመንገዱን ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ በዋናው የፍሬን ሲሊንደር ውስጥ ጎሚኒው ደርሶበት የማያውቀው ክፍል ዝገትና ቆሻሻ ያጠራቅማል። አየር ለማስወጣት እስከ ወለሉ ሲረገጥ ጎሚኒው በዚያ ሻካራ ቦታ ላይ ያልፍና ይቀደዳል። ትናንት ደህና የነበረ ፍሬን ከሥራው በኋላ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሰምጠው በዚህ ነው። ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አስቀምጠው መንገዱን ያሳጥሩ።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየ2 ዓመቱ ይቀየራል። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 230 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲይዝ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 3 እና ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ የፍሬን ጎሚኒዎችን ያሳብጣል። የፍሬኑ ታምቡር ውስጥ ያለውን አቧራም በአየር አይንፉት። በአሮጌ የፍሬን ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ በውሃ አርጥበው ይጥረጉት።

ብሎን በጉልበት ማጥበቅ

አሉሚኒየም ውስጥ የገባ የብረት ብሎን ከመጠን በላይ ከጠበቀ ጥርሱ ይበላል። የ14 ሚሊሜትር የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ ትክክለኛው ቁጥር የመኪናው መመሪያ ላይ አለ። ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ከመፍታትዎ በፊት ዙሪያውን ይጥረጉ፣ አሸዋው ወደ ሲሊንደር ይወርዳልና። ሲያስገቡ በጣት ይጀምሩ፤ መጀመሪያ ወደ ግራ አዙረው ጥርሱ «ቀጭ» ብሎ ሲገጥም ነው ወደ ቀኝ የሚያዞሩት። አዲስ ባለ ቀለበት ካንዴላ በጣት ከተቀመጠ በኋላ በቁልፍ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃዋል። ቀለበት የሌለው ሾጣጣ ከሆነ አንድ አሥራ ስድስተኛ ዙር ብቻ።

ሞተሪኖ ሲደክም ባትሪ መግዛት

ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲደክም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን ባትሪውን ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው የመሬት ሽቦ ነው። ባትሪው አርፎ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። አሁን የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ሽቦው ላይ ሳይሆን በቀጥታ በባትሪው ኔጌቲቭ እንዝርት ላይ፣ ሌላውን ንጹህ የሞተር ብረት ላይ ያድርጉና ሞተሪኖው እንዲያዞር ያስደርጉ። ከ0.5 ቮልት በላይ ከታየ ኃይሉ ዝገት ላይ እየቀረ ነው። ሽቦውን ፈትተው ሁለቱንም ጫፍ ብረቱ እስኪያበራ ይፈግፍጉ። ሲፈቱ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲያስሩ መጨረሻ ይሆናል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪ መንቀል ግን የዲናሞውን ዳዮድ ሊያቃጥል ይችላል፤ ዲናሞ የሚፈተነው በዚህ መንገድ ሳይሆን በመለኪያ ነው። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ 14 ቮልት ገደማ ይታያል።

ተጨማሪ መብራት በነባሩ ሽቦ ላይ መቀጠል

ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት ከ9 አምፔር በላይ ይስባሉ። የድሮ ማብሪያ ማጥፊያ ይህን ሲሸከም ይግላል፣ ፊውዙም ይቃጠላል። በትልቅ ፊውዝ መቀየር ደግሞ እሳቱን ወደ ሽቦው ያዛውራል። ከባትሪው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይዘርጉ፣ ባትሪው አጠገብ 15 አምፔር ፊውዝ ያድርጉ፣ በ30 አምፔር ሪሌይ (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ያሳልፉት። ማብሪያው ሪሌዩን ብቻ ያነቃል።

ከሁሉ በፊት ካርቡራተር መነካካት

የሚንቀጠቀጥ ሞተር የካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ብሎን በማዞር ጸጥ ሊል ይችላል፤ እውነተኛው ችግር ግን ተሸፍኖ ይቀራል። መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተት፣ ቀጥሎ የፑንቲና (የማቀጣጠያውን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ መገናኛ) ክፍተት፣ ከዚያ የእሳት ሰዓቱ (ብልጭታው የሚነሳበት ጊዜ) ይስተካከል። ከካርቡራተሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) አየር የሚስብ ከመሰለዎት ሞተሩ እየሠራ ዙሪያውን ትንሽ የሳሙና ውሃ ይርጩ። ድምፁ ለአፍታ ከተለወጠ የሚስበው እዚያ ጋ ነው። የነዳጁ ብሎን የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሞቆ ነው።

ለማሳጠር ሞላ ማሞቅ

በእሳት የጋለ ሞላ ጥንካሬውን ያጣል፣ እያደር ይሰምጣል ወይም ይሰበራል። የተቆረጠው ደግሞ መኪናው ሲነሳ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። መኪናው ዝቅ እንዲል የሚፈልጉ ከሆነ በልኩ የተሠራ አጭር ሞላ ከሚስማማው አሞርዛተር (ንዝረት አብራጅ) ጋር ያስገቡ፤ መሪውን ወደ ሁለቱም ጎን እስከ ጫፍ አዙረውም ጎማው የፍሬን ቱቦውን አለመንካቱን ይዩ።