ኬንያ ሄዶ በሕፃናት ማሳደጊያ ለማገልገል፦ ከትኬቱ በፊት፣ እዚያ እና ከመልስ በኋላ

ባለፈው ወር ከቸርቻችን ልጆች አንዷ ደወለችልኝ። "ኬንያ የሕፃናት ማሳደጊያ ላገለግል ነው፤ ምን ይዤ ልሂድ?" አለችኝ። ስለ ሻንጣው መጨረሻ ላይ እንነጋገራለን አልኳት። አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። ከዚህ በታች ያለው ለእሷ የነገርኳት ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከናይሮቢ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ርቆ፣ ናኩሩ አካባቢ ወዳለ አንድ ማሳደጊያ ሁለቴ ሄጃለሁ። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአስር የቸርቻችን ልጆች ጋር ለሦስት ሳምንት ሄድኩ። በዓመቱ ደግሞ ከአንዲት እህት ጋር ሁለታችን ብቻ። ሸክሙ እውነተኛ ነበር፤ ጸልየንበት ነው የሄድነው። ያላወቅነው ብዙ ነገር ግን ነበር፣ ዋጋውን የከፈሉትም ልጆቹ ናቸው።

1. ቤቱን መርምሩ

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከዚህ ጀምሩ። ሁለት ወር ቢፈጅም ይፍጅ።

ማሳደጊያ ሲባል ብዙዎቻችን አባትም እናትም የሌላቸው ልጆች ይታዩናል። እውነታው ሌላ ነው። በዓለም ላይ በማሳደጊያ ከሚኖሩ ልጆች ከአስሩ ስምንቱ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው ይገመታል። አብዛኞቹን ከቤት ያወጣቸው ድህነት ነው። እናት የትምህርት ቤት ክፍያ ያጥራታል፣ ወይም አካል ጉዳተኛ ልጇን የምታሳክምበት ቦታ በአቅራቢያዋ የለም። "ማሳደጊያ ይማራል፣ ይበላል" ስትባል ትሰጣለች። እንግዳና ዶላር የሚጎርፍበት ቤት ደግሞ አልጋው ባዶ እንዲሆን አይፈልግም። በአንዳንድ አገሮች ደላላ ቤተሰብ ለቤተሰብ እየዞረ ልጅ እስከመሰብሰብ ደርሷል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን ከዘመናዊ ባርነት ጋር አያይዛ የተመለከተችው ለዚህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2019 ባወጣው ውሳኔ በማሳደጊያዎች የሚደረግ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት ልጆችን እንደሚጎዳ ጠቅሷል።

ኬንያም እርምጃ ወስዳለች። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ማሳደጊያ መመዝገብ አቁማለች። በ2022 የወጣው የሕፃናት ሕግ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ ያስቀምጠዋል። እስከ 2032 የሚዘልቅ ልጆችን ወደ ቤተሰብ የመመለስ ዕቅድም አላት። ስለዚህ የምትሄዱበት ቤት ልጆቹን ወደ ቤተሰብ ለመመለስ የሚሠራ መሆን አለበት።

እንዴት ይታወቃል? ደውላችሁ ጠይቁ። ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ? ቤተሰብ ፈልጎ የሚያገናኝ ሶሻል ወርከር አላችሁ? ልጆቹ የገቡት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው? የምዝገባ ወረቀታችሁ ቀኑ አላለፈም? ጥሩ ቤት በጥያቄው አይቀየምም። እንዲያውም ደስ ይለዋል። "ለልጆቹ ፍቅር ብቻ ይዛችሁ ኑ" ብሎ የሚያልፋችሁ ቤት ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። "ከእኔ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?" በሉ። እኛን በመጀመሪያው ጉዞ የፓስፖርት ኮፒና ቅድሚያ ክፍያ ብቻ ነበር የጠየቁን። እንዴት ደግ ሰዎች ናቸው ብዬ ነበር። እኔ ያለ ምንም ማጣሪያ ልጆች መኝታ ክፍል ከገባሁ ማንም ሰው ይገባል ማለት መሆኑን ያሰብኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። የወንጀል ሪከርድ ማስረጃ፣ የፓስተር ደብዳቤ፣ የአሠሪ ደብዳቤ የሚጠይቅ ቤት ልጆቹን ይጠብቃል። ባይጠይቁም ይዛችሁ ሂዱ። አሜሪካ ላላችሁ የኤፍቢአይ ማስረጃ ማመልከቻው 18 ዶላር ነው፤ የጣት አሻራ ማስነሻው ለብቻ ነው።

2. ወረቀትና ጤና

በአሜሪካ ፓስፖርት የምትሄዱ ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት የኬንያን የመግቢያ ፈቃድ አመልክቱ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልግም። ሁለቱም ግን የጎብኚ ፈቃድ ናቸው። ያለ ደሞዝም ቢሆን ለማገልገል ከኢሚግሬሽን ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱን የሚያስጨርስላችሁ ማሳደጊያው ነው። "ቱሪስት ነኝ በሉ" የሚል ምክር አትቀበሉ። እውነት ልትመሰክሩ እየሄዳችሁ ድንበር ላይ በውሸት አትጀምሩ።

የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከአስር ቀን በፊት ውሰዱ፣ ካርዱንም ያዙ። በተለይ በአዲስ አበባ በኩል አልፋችሁ ዘመድ ጠይቃችሁ የምትሄዱ። ስለ ወባ መከላከያ ኪኒን ሐኪማችሁን አነጋግሩ።

3. ምን እንደምትሠሩ ቀድማችሁ ተስማሙ

"ከልጆች ጋር እጫወታለሁ" ሥራ አይደለም። ሒሳብ የምትችሉ ከሆነ የቤቱን ሒሳብ ሠራተኛ ሲስተሙን አሳዩት። ነርስ ከሆናችሁ ለተንከባካቢዎቹ የመጀመሪያ እርዳታ አስተምሩ። ኤሌክትሪክ የምትችሉ ገመዱን ከአካባቢው ባለሙያ ጋር አድሱ፤ ብቻችሁን አትሥሩት፣ የሰፈሩን ሰው እንጀራ እንዳትወስዱ። የመጀመሪያ ጊዜ እኛ አጥር ቀባን። አስራ አንድ ሰው አራት ቀን ሙሉ። በር ላይ ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሎ የሚያየን የሰፈሩ ቀለም ቀቢ ነበር።

4. ከልጆቹ ጋር

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ግቢው ውስጥ ስንገባ ልጆቹ ሮጠው መጡ። አንድ አራት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ እግሬን አቅፎ ያዘ። አነሳሁት። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእኔ አልተለየም። አጎርሰው ነበር፣ አስተኛው ነበር። ማታ ማታ ሲያለቅስ ተንከባካቢዋ ስትመጣ "ተይው፣ እኔ አለሁ" እላት ነበር። የፍቅር ሥራ የሠራሁ መስሎኛል። የመጨረሻው ቀን ጠዋት የመኪናውን በር ይዞ አልለቅም አለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቀችው እሷው ተንከባካቢዋ ናት።

በዓመቱ ስመለስ ልቤ እየመታ ነበር የገባሁት። ልጁ ሮጦ መጣ። እኔን አልፎ አብራኝ የመጣችውን እህት እግር አቀፈ። በሕይወቱ አይቷት አያውቅም። እኔንም አላወቀኝም።

ማታ ተንከባካቢዋ ሻይ አፍልታ አስቀመጠችኝ። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሁለት ቀን አልበላም አለችኝ። ከእናንተ በኋላ አራት ቡድን መጣ፣ እያንዳንዱ አንድ ልጅ ይመርጣል፣ ከዚያ ይሄዳል። ልጆቹ አሁን ማንንም ያቅፋሉ፣ በማንም አይተማመኑም። እኔ ስቀጣው "እንግዶቹ ይወዱኛል" ይለኛል አለች። ምንም ቁጣ አልነበራትም። ያ ነው የባሰብኝ።

ልጅ የማያውቀውን ሰው ሮጦ ሲያቅፍ እኛ ደስተኛ ነው እንላለን። ቤተሰብ ውስጥ ያደገ የአራት ዓመት ልጅ እንግዳ ሲያይ መጀመሪያ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ይደበቃል። ጤናማው እሱ ነው። ሩማኒያ፣ ቡካሬስት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ 136 ሕፃናትን የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያሳዩትም ይህንኑ ነው። ቤተሰብ ውስጥ የገቡት በማሳደጊያ ከቀሩት በአእምሮም በስሜትም የተሻለ አደጉ። ልጅ የሚያድገው ነገም በሚኖር ሰው እጅ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ልጅ ሲያለቅስ ተንከባካቢዋን ጥሩ። የእሷን ሌላ ሥራ እናንተ ያዙ፤ ልብስ እጠቡ፣ ድንች ላጡ፣ እሷ ልጁን ትያዝ። አታስተኙ፣ አታጥቡ። ከአንድ ልጅ ጋር ብቻችሁን ክፍል አትግቡ። አንድን ልጅ ለይታችሁ ስጦታ አትስጡ። "እመለሳለሁ" አትበሉ። የምትሄዱበትን ቀን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ንገሯቸው። ጨዋታ ሲኖር ሜዳ ላይ፣ በቡድን፣ ተንከባካቢዎቹ ባሉበት ይሁን። እጃችሁ ባዶ የሆነ ይመስላችኋል። ታገሡት።

5. እምነታችሁ

ቤቱ የራሱ የጸሎት ሰዓት ካለው አብራችሁ ጸልዩ። ስጦታና ጸሎትን ግን አታያይዙ። ከረሜላ ከማደላችን በፊት "ጌታን የሚቀበል እጁን ያውጣ" ያለ አንድ ወንድማችን ነበር። ሁሉም እጁን አወጣ። ልጆቹ የሙስሊም ወይም የሌላ እምነት ቤተሰብ ልጆችም ሊሆኑ ይችላሉ፣ ወላጃቸውም በሕይወት አለ።

ብዙዎቻችንን የሚያንቀሳቅሰን ያዕቆብ 1፥27 ነው። ደግማችሁ አንብቡት። ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና ባልቴቶችን በአንድ ላይ ነው የሚያነሳው። እኛ ልጁን ይዘን ባልቴቷን ትተናታል። የልጁ እናት ወይም አያት ብዙ ጊዜ ከማሳደጊያው በማታቱ (በሕዝብ ሚኒባስ) ሁለት ሰዓት ርቃ ትኖራለች። መጠየቅ ያለባት እሷም ናት። እኛ ሐበሾች ይሄ አይጠፋንም። የዘመድ ልጅ ማሳደግና ጉዲፈቻ ከእኛው ቤት የወጡ ናቸው። አገር ቤት ማሳደጊያ ለማገልገል የምታስቡም ይህንኑ ጠይቁ።

6. ፎቶ

የልጅ ፊት አታንሱ፣ ለቸርች ምስክርነትም ቢሆን። ግድግዳውን፣ አዲሱን የውኃ ታንከር አንሱ። የራሳችሁ ልጅ እንቅልፍ ላይ ሳለ ማንም ባዕድ አንስቶ ቢለጥፈው ምን እንደሚሰማችሁ አስቡ።

7. ሻንጣው

ቀላል ያድርጉት። ከሁለት ሻንጣ አሮጌ ልብስ ይልቅ ናኩሩ ገበያ ላይ መግዛት ይሻላል፤ ነጋዴውም ይጠቀማል፣ ልኩም ልክ ይሆናል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ስለከለከለች ዕቃችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ አትሂዱ። እንደደረሳችሁ በፓስፖርታችሁ ሲም ካርድ አውጡና ኤምፔሳ (በስልክ ገንዘብ መክፈያ) ክፈቱ። ከሽንኩርት እስከ ታክሲ የሚከፈለው በእሱ ነው።

8. ከተመለሳችሁ በኋላ

እኛ ሦስተኛ ጉዞ አቅደን ነበር። ቁጭ ብለን አሰላነው። የመጀመሪያው ጉዞ ትኬት ብቻ ለአስራ አንድ ሰው ከ16 ሺህ ዶላር በላይ ወጥቶበታል። ከቤቱ አስተዳዳሪ ጋር ተነጋገርን፣ ገንዘቡ የአንድ ሶሻል ወርከር ከሁለት ዓመት ደሞዝ በላይ እንደሚሆን ነገረን። ጉዞውን ሰርዘን ሶሻል ወርከር ተቀጠረ። ቸርች ውስጥ ያዘኑ ነበሩ፣ በተለይ ወጣቶቹ። እኔም ልጁን ማየት እፈልግ ነበር።

ሶሻል ወርከሩ በተቀጠረ በስምንተኛው ወር የልጁ አያት ተገኘች። መንደሯ ድረስ ሄደው አዩአት፣ ደጋግመው ጎበኟት፣ እሱም ቅዳሜና እሁድ እየሄደ ለመዳት። አሁን ከእሷ ጋር ነው የሚኖረው።

እናንተም ከተመለሳችሁ በኋላ የምትረዱ ከሆነ ለልጁ በቀጥታ አትላኩ፣ በሶሻል ወርከሩ በኩል ይሁን፣ ደረሰኝም ጠይቁ። የኬንያ ትምህርት ዘመን በጃንዋሪ ይጀምራል፣ በዓመት ሦስት ተርም አለው። ክፍያ ዘግይቶ ልጅ ከክፍል የሚመለስበት ጊዜ አለ። እኛ የመጀመሪያውን ተርም ገንዘብ ከገና በፊት ነው የምንልከው፤ ዩኒፎርሙን አያቱ ራሷ ይዛው ሄዳ ታስለካዋለች።