የነባር ሕዝቦችን ቋንቋና ባህል በምናባዊ ዓለም ለማስተማር ሲነሡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በካናዳ፣ በአላስካ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ቋንቋቸውን ለልጆቻቸው ለማውረስ ምናባዊ ዓለምን (በኮምፒውተር የተሠራና ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ገብተው የሚገናኙበትን ዓለም) መጠቀም ከጀመሩ ሰንብተዋል። በሰሜን አሜሪካ የመንግሥትና የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ከወላጆቻቸው ነጥለው የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን ሲያስረሷቸው ስለኖሩ፣ ዛሬ ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩት በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ከትውልድ መንደራቸው ርቀው በየከተማው ተበትነዋል። በካናዳ በዊኒፔግ ከተማ የምትኖር፣ አኒሺናቤ ከተባለው ነባር ሕዝብ የተወለደች ተማሪና በሰሜን ሐይቅ ዳር የሚኖሩ አያቷ፣ አቫታር በሚባለው ወካይ አካል አማካይነት በአንድ ታንኳ ተቀምጠው የዱር ሩዝ እየለቀሙ ማውራት ከቻሉ፣ የቴክኖሎጂው ጥቅም በዚህ ብቻ ይታወቃል። የተባበሩት መንግሥታት ከ2022 እስከ 2032 ያለውን ጊዜ የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ዓለም አቀፍ አሥርት ብሎ ከሰየመ ወዲህ የብዙ ባለሙያ ዐይን ወደዚህ ሥራ ዞሯል። በቅን ልብ ተጀምረው የሚበላሹ ሥራዎች ስላሉም ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ስህተቶች አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሠርቶ ከጨረሱ በኋላ ማማከር

ብዙውን ጊዜ ፕሮግራመሮችና ሠዓሊዎች ዓለሙን ገንብተው ከጨረሱ በኋላ አንድ ሽማግሌ ጠርተው «እንዴት ነው?» ይላሉ። በዚያን ጊዜ ቤቱ ቆሟል፣ ልብሱ ተሰፍቷል፣ ታሪኩ ተጽፏል፤ ሽማግሌው የሚነቅፉት ነገር ቢኖር እንኳ ለማፍረስ የሚተርፍ ገንዘብ አይገኝም። በአላስካ የተሠራው «ኔቨር አሎን» የተሰኘው የኢኑፒያት (የአላስካ ነባር ሕዝብ) ጌም የተለየ መንገድ ሄዷል። ሐሳቡን ያመነጨው በአንኮሬጅ የሚገኘው የኩክ ኢንሌት የጎሳ ምክር ቤት ሲሆን፣ ምክር ቤቱ የራሱን የጌም ኩባንያ አቋቁሞ ከአንድ ልምድ ካለው ድርጅት ጋር በሽርክና ሠርቷል። ታሪኩ የተወሰደው ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ አንድ ስመ ጥር ተራኪ ስለሆነም፣ ሥራው ከመቀጠሉ በፊት ከተራኪው ልጅ ፈቃድ ተጠይቋል። በ2014 ጌሙ ሲወጣ ትረካው የተሰማው በሕዝቡ ቋንቋ በኢኑፒያክ ነበር፤ ሌላው ተጫዋች ከታች የሚጻፈውን ትርጉም እያነበበ ይከተላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የአንድ ሰው ፈቃድ የሕዝብ ፈቃድ አይደለም፤ አንድ የቋንቋ መምህር ወይም በከተማ የሚኖር አንድ ወጣት ቢስማማም፣ የታሪኩ ባለመብት የሆነው ቤተሰብ ወይም የጎሳው ምክር ቤት ካልተጠየቀ ስምምነቱ ዋጋ የለውም።

ለሁሉ የማይታየውን ለሁሉ ማሳየት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ሌላው በገንዘብም በጊዜም ይታረማል፣ ይህኛው ግን ከተደረገ በኋላ መመለሻ የለውም። በ2007 ሰከንድ ላይፍ በተባለው የኢንተርኔት ምናባዊ ዓለም ውስጥ አንድ የአውስትራሊያ ኩባንያ ባቋቋመው ደሴት ላይ የኡሉሩ አለት አምሳያ ተሠርቶ ነበር። ኡሉሩ የአናንጉ ሕዝብ ቅዱስ ስፍራ ነው፤ በዙሪያው ወንዶች ብቻ ወይም ሴቶች ብቻ የሚቀርቧቸው፣ ፎቶ ማንሣትም የተከለከለባቸው ቦታዎች አሉ። በምናባዊው ዓለም ግን ማንኛውም አቫታር በአለቱ ላይ መብረርና ያሻውን ምስል መቅረጽ ይችል ስለነበር ጉዳዩ ክርክር አስነሣ፣ ኩባንያውም መከለያ ለማበጀት ተገደደ። መቅደስ ውስጥ ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ እያየ ያደገ የአገራችን አንባቢ የአናንጉን ቅሬታ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መከለያ ግን መፍትሔ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። በሰከንድ ላይፍ ተጠቃሚው አቫታሩን ከውጭ አቁሞ የእይታ ካሜራውን ብቻ በግድግዳ አሳልፎ ማስገባት ይችላል፤ በሌሎች መድረኮችም ለዚህ የሚቀራረብ ዘዴ አይጠፋም። ስለዚህ መታየት የሌለበት ነገር ከመጀመሪያው አለመሠራት አለበት። የጊዜ ገደብም አለ፤ በአኒሺናቤ ዘንድ አንዳንድ ቅዱሳን ታሪኮች የሚነገሩት በረዶ መሬቱን በሸፈነበት በክረምት ብቻ ነው። ቀንና ሌሊት፣ በጋና ክረምት ክፍት በሆነ ዓለም ውስጥ እነዚህን ታሪኮች ማስቀመጥ ሥርዓቱን ማፍረስ ነው፤ ታሪኩን ከቀን መቁጠሪያ ጋር አስሮ በወቅቱ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ግን ለፕሮግራመር ከባድ ሥራ አይደለም፣ አስቀድሞ ከታሰበበት። በብዙ የአውስትራሊያ ነባር ማኅበረሰቦች ዘንድም የሟችን ምስልና ድምፅ ያለማስጠንቀቂያ ማቅረብ ሐዘንን እንደመቀስቀስ ይቆጠራል። በቴናንት ክሪክ ከዋሩሙንጉ ሕዝብ ጋር የተሠራው ሙኩርቱ የተባለ የማኅደር ሶፍትዌር እያንዳንዱን ምስልና ድምፅ ማን ማየትና መስማት እንደሚችል ማኅበረሰቡ ራሱ እንዲወስን ያደርጋል፤ ምናባዊ ዓለም የሚገነቡ ሰዎች አሠራሩን ቢያጠኑት ይበጃቸዋል።

ዕቃ ላይ ስም ለጥፎ አስተማርኩ ማለት

ተማሪው ዛፍ ሲነካ የዛፍ ስም፣ ድብ ሲነካ የድብ ስም ይሰማል። ይህ በወረቀት ካርድም ይሠራ ነበር። የአኒሺናቤና የሞሆክ (የሌላ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ) ቋንቋዎች በግሥ የበለጸጉ ናቸው፤ ማን ምን እንዳደረገ፣ ለማን እንዳደረገ፣ መቼ እንዳደረገ በአንድ ረጅም ግሥ ውስጥ ይጠቃለላል። የአማርኛ ተናጋሪ «አልነገርኳቸውም» በምትለው አንዲት ቃል ስንት ነገር እንደታጨቀ ስለሚያውቅ ይህ አይገርመውም። እንዲህ ያለ ቋንቋ በስም ዝርዝር አይለመድም፤ የሚለመደው አንድ ነገር እያደረጉ፣ ሲደረግም እያዩ በመነጋገር ነው፣ ምናባዊው ዓለምም የሚበልጠው በዚሁ ነው። ለምሳሌ አንዱ ተማሪ ካርታውን ብቻ፣ ሌላው መቅዘፊያውን ብቻ እንዲይዝ ቢደረግ፣ ሳይነጋገሩ ታንኳዋ ወደ ዳር አትደርስም።

ከዚህም በላይ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። በካሊፎርኒያ ከ1992 ጀምሮ በሚሠራበት የመምህርና የደቀ መዝሙር ዘዴ፣ አንድ አዛውንት ተናጋሪና አንድ ተማሪ እንግሊዝኛ ሳይናገሩ የዕለት ተዕለት ሥራቸውን አብረው እየሠሩ ይውላሉ። በኒውዚላንድም በ1982 የተጀመሩት የማኦሪ የሕፃናት መዋያዎች ቋንቋውን ከአያት ወደ ልጅ ያሻገሩት በሰው አንደበት ነው። ምናባዊ ዓለም ይህን ግንኙነት ማገዝ እንጂ መተካት አይችልም። በሳምንት አንድ የታወቀ ሰዓት ተቀጥሮ ተናጋሪዎች የሚገቡበት ያላማረ ዓለም፣ ዘወትር ባዶ ከሆነ ውብ ዓለም ይሻላል።

የድምፅን ባለቤትነት ሳይወስኑ መቅዳት

አዛውንቶች ለጌም ገጸ ባሕርይ የሰጡት ድምፅ ነገ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ ሊሆን ይችላል። በሰሜን ኒውዚላንድ በካይታያ የሚገኘው የማኦሪ ጣቢያ ቴ ሂኩ ሚዲያ በ2018 ከ2,500 በላይ ሰዎችን አስተባብሮ በ10 ቀን ውስጥ ከ300 ሰዓት በላይ የተነበበ ድምፅ አሰባሰበ፤ ዳታውን ግን ለውጭ ኩባንያዎች አሳልፎ ከመስጠት ይልቅ በአደራ ጠባቂነት ላይ የተመሠረተ የራሱን ፈቃድ አወጣ። በካናዳም ነባር ሕዝቦች ስለራሳቸው የተሰበሰበ መረጃ ባለቤትነቱ፣ ቁጥጥሩ፣ ተደራሽነቱና ይዞታው የእነሱ መሆኑን የሚደነግግ መርሕ ከ1998 ጀምሮ አላቸው። ስለዚህ የመድረኩን የአገልግሎት ውል ሳያነቡ አንድም ቅጂ መጫን አይገባም። ተናጋሪው ድምፁ ለምን እንደሚውል፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይና ከሞት በኋላ የሚወስነው ማን እንደሆነ በራሱ ቋንቋ ተነግሮት መፈረም አለበት።

ሁሉን በአንድ መድረክ ላይ ማስቀመጥ

ጉግል ላይቭሊ የተባለውን ዓለሙን በሐምሌ 2008 ከፍቶ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዘጋው። የማይክሮሶፍት አልትስፔስ ቪአር በመጋቢት 2023፣ ሞዚላ ሃብስም በግንቦት 2024 ተዘግተዋል። ዋናው ቅጂ፣ ምስልና ጽሑፍ በየትኛውም ፕሮግራም በሚከፈት ቅርጽ በማኅበረሰቡ እጅ ካልተቀመጠ፣ ሊጠበቅ የታሰበው ቅርስ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር አብሮ ይጠፋል።

በመነጽር መጀመር

የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ለማሳያ ዝግጅት ያምራል፤ ሆኖም ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት ሩቅ መንደር፣ ሠላሳ ተማሪ ባለበት ክፍል አይሠራም። በ2021 በማኒቶባ የወጣው የአኒሺናቤ ዓለም፣ በኒውዚላንድም በ2019 የወጣው የማኦሪ ዓለም የተሠሩት ተማሪዎች አስቀድመው በሚያውቁት ማይንክራፍት በተባለው፣ ተጫዋቹ በብሎኬት ዓለም በሚገነባበት ጌም የትምህርት እትም ነው።

ፊደሉን መርሳት

የቸሮኪ ፊደልና የካናዳ ነባር ሕዝቦች ፊደላት ወደ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል ወደሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) የገቡት ከእኛው ፊደል ጋር በአንድ እትም፣ በ1999 ነው። ይሁን እንጂ የብዙ ጌም መሥሪያዎች ነባሪ ፎንት (የፊደል ቅርጽ ስብስብ) ዛሬም ፊደላቱን አያውቃቸውም፤ በጽሑፍ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረደራል። በላቲን ለሚጻፉትም ቢሆን የኢኑፒያክን ባለነጥብ ሆሄያት የማያወጣ ኪቦርድ ተማሪውን የተሳሳተ አጻጻፍ ያስለምደዋል። ፎንቱና ኪቦርዱ መፈተሽ ያለባቸው በሥራው የመጀመሪያ ቀን ነው።

ሕዝቡን በጥንት ዘመን ብቻ ማስቀመጥ

ተማሪው ቋንቋውን የሚሰማው በቆዳ ድንኳን ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ለዛሬ ሕይወቱ እንደማይሠራ ያምናል። ሞሆካዊቷ ሠዓሊ ስካዌናቲ በሰከንድ ላይፍ ውስጥ የቀረጸቻቸው ተከታታይ ፊልሞች ዋና ገጸ ባሕርይ የሚኖረው በ22ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ባልደረቦቿም በሞንትሪያል ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ካናዋኬ ለተባለው የሞሆክ ማኅበረሰብ ወጣቶች የራሳቸውን ጌም መሥራት አስተምረዋል።

ለተናጋሪዎቹ አለመክፈል

ለፕሮግራመሩ ደመወዝ፣ ለአዛውንቷ ሻይና ምስጋና የሚመድብ በጀት አሁንም አለ። ቋንቋውን የሚያውቁት ጥቂት ከሆኑ በሙያ ዋጋቸው ከፕሮግራመሩ ማነስ የለበትም፤ ክፍያውም ዓለሙ በተመረቀ ማግስት መቆም አይገባውም፣ ከተማሪዎቹ ጋር እየገቡ መነጋገሩ የሚጀመረው በዚያን ጊዜ ነውና።